መኪናው ደህና ነው፤ ነዳጁስ?



የማኅበራችን ኮሚቴ ስለ ሃይድሮጅን መኪና እንድናገር ሲጋብዘኝ ርእሱን የሰጠኝ በጥያቄ መልክ ነው፤ «ይገዛል ወይስ አይገዛም?» የሚል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ እንጀራችሁ መሪ ላይ ነው። ኤርፖርት የምትሠሩ አላችሁ፤ ኡበርና ሊፍት የምትነዱ አላችሁ፤ ሌሊቱን ሆሊውድ ስትመላለሱ አድራችሁ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ አላችሁ። ያገለገለ ቶዮታ ሚራይ የተባለ የሃይድሮጅን መኪና፣ ያውም ቆዳ ወንበር ያለው፣ ብዙ ያልተነዳ፣ ከቆየ ካምሪ ባነሰ ዋጋ ለሽያጭ ወጥቶ ስታዩ ዓይናችሁ እዚያ ላይ ቢቀር አይፈረድባችሁም።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መኪናው ጥሩ መኪና ነው። ችግሩ ያለው ነዳጁ ከተሠራበት ቦታ ተነሥቶ ሰልባትዮው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሦስት ጥያቄዎችን ደጋግሜ አነሣለሁ። ነዳጁ ከምን ተሠራ? በስንት ገባ? ነገስ ይገኛል ወይ? የምጠራቸው ዓመታትና ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

መጀመሪያ መኪናው እንዴት እንደሚሄድ እንይ። ብዙ ሰው «ሃይድሮጅን ያቃጥላል» ይላል። አያቃጥልም። የሚራይንም ሆነ የሃዩንዳይ ኔክሶን ጎማ የሚያዞረው እንደ ማንኛውም የኤሌክትሪክ መኪና የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ልዩነቱ ኤሌክትሪኩ ከሶኬት አለመምጣቱ ነው፤ መኪናው እየሄደ ራሱ ያመርተዋል። የሚያመርትበት ዕቃ ፊውል ሴል ይባላል። በ2020 መጨረሻ በወጣው በሁለተኛው ሚራይ ውስጥ 330 ስስ ሴሎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ሴል በአንዱ ወገን ሃይድሮጅን ይገባል፣ በሌላው ወገን ከውጭ የተሳበ አየር ይገባል፤ በመሐል ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፕላቲነም ሃይድሮጅኑን ይከፍለዋል። ፕሮቶኑ በሽፋኑ ሰርጎ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑ ግን ማለፍ ስለማይችል በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። በሽቦው ዞሮ የሚሄደው ነው ሞተሩን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ። ማዶ ሲገናኙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ውሃ ይሆናሉ። ከመኪናው ሥር ሲንጠባጠብ የምታዩት ይኸው ውሃ ነው። እንዲያውም ሚራይ ውስጥ «ኤች ቱ ኦ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ስትጫኑት የተጠራቀመውን ውሃ ውጭ ያፈስሰዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዊሊያም ግሮቭ የተባለ የዌልስ ሰው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተገናኝተው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ ያሳየው በ1839 ነው። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች ኤሌክትሪካቸውን ያገኙት ከፊውል ሴል ነበር፤ ጠፈርተኞቹም የወጣውን ውሃ ጠጥተውታል። ጄኔራል ሞተርስ በ1966 ኤሌክትሮቫን የተባለ መኪና ላይ ገጥሞ ሞክሮታል፤ ዕቃው የኋላውን ሁሉ ስለሞላው ለሰው የተረፈው የፊቱ ወንበር ብቻ ሆነ። ያን ሁሉ ጓዝ ወደ አንድ የቤት መኪና ማስገባት ትልቅ የምህንድስና ሥራ ነው። ይህን የሠሩትን መሐንዲሶች ከልቤ አከብራለሁ።

አሁን ጥሩ ጎኑን ልንገራችሁ። ሰልባትዮው ባዶ ሆኖ ማደያ ብትገቡ፣ ነገሩ ሁሉ ከሠራ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሞልታችሁ ትወጣላችሁ። ሁለተኛው ሚራይ 5.6 ኪሎ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ በመንግሥት መለኪያ 402 ማይል ይነዳል ተብሏል። ይህ ለእኛ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። መኪናችንን መንገድ ዳር እናቆማለን፤ ሌሊት ሰክተን የምናድርበት የራሳችን ሶኬት የለንም። ቴስላ የያዘው ወንድማችን ሥራ በሚደራበት ሰዓት ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ተቀምጦ ሲጠብቅ አይታችኋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ሆኖ እንደ ቤንዚን በደቂቃዎች የሚሞላ ነገር ሲመጣ መልስ ያገኘ ይመስለዋል። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም። የዚህች ከተማ ልጆች አስም ምን እንደሆነ ያውቃሉና ጭስ አለመኖሩን አቃልዬ አላየውም።

እንግዲህ ተስፋው ይህን ያህል ከሆነ ለምን አልሆነም? በጥር 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር ለሃይድሮጅን ምርምር 1.2 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ የሚነዳው የመጀመሪያ መኪና የሃይድሮጅን ሊሆን ይችላል ብለውም ተስፋ ሰጡ። በዓመቱ የያኔው አገረ ገዥያችን አርኖልድ ሽዋርዜኔገር «የሃይድሮጅን አውራ ጎዳና» በመላ ካሊፎርኒያ እንዲዘረጋ ትእዛዝ ፈረሙ። በ2003 የተወለደው ልጅ እዚህ ካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜው የደረሰው በ2019 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ሳንታ ክላራ ውስጥ ሃይድሮጅን ወደ ማመላለሻ ተሳቢ ሲጫን ፍንዳታ ደረሰ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን የሰሜን ካሊፎርኒያ ማደያዎች ነዳጅ የሚያገኙት በአብዛኛው ከዚያ ስለነበር ለወራት አቅርቦቱ ተናጋ። የአንድ ቦታ አደጋ የስንቱን ሰው መኪና እንዳቆመ አስቡት። ቤንዚን ቢሆን ወደሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ተሻግራችሁ ከሌላ ማደያ ትሞላላችሁ።

አንድ ማደያ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ነው። መቅጃው አንድ ነው፤ ሦስት መኪኖች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ሞልቶ ሊሄድ ሲል የመቅጃው አፍንጫ ከመኪናው አልላቀቅ አለ። ሃይድሮጅኑ በፍጥነት ሲገባ ሰልባትዮውን እንዳያግለው አስቀድሞ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በብረቱ ላይ በረዶ ይሠራና አፍንጫውን ከመኪናው ጋር ያጣብቀዋል። ሰውየው ጓንት የለውም፤ በጃኬቱ እጅጌ ጠቅልሎ እያነቃነቀ ቆመ። ሲለቅለት ሁለተኛው ተራውን ያዘ፤ መሣሪያው ግን ግፊቱን እንደገና እስኪያጠራቅም አስጠበቀው። ግፊቱ ስንት መሰላችሁ? 700 ባር። የመኪናችሁን ጎማ 35 ፒ ኤስ አይ ነው የምትነፉት፤ ይህ ከዚያ ወደ 300 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሦስተኛው ሾፌር ያገራችን ልጅ ነበር። ስልኩን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ኤርፖርት የቀጠረው መንገደኛ ነበረው። ሳይሞላ ሄደ። እንግዲህ ማስታወቂያ ላይ ያለው «አምስት ደቂቃ» ይህን አይጨምርም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለኋላ ላቆየውና ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ በስንት ገባ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 13 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2023 እና በ2024 በብዙ ማደያዎች 36 ዶላር ገባ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 5.6 ኪሎ በ36 ዶላር 200 ዶላር ያህል ይሆናል። በአንድ ሙሌት 200 ዶላር! ያንኑ 400 ማይል ለመሄድ፣ በጋሎን 50 ማይል ለሚሄድ ፕሪየስ 8 ጋሎን ይበቃዋል፤ ጋሎኑን 5 ዶላር ብናደርገው 40 ዶላር ነው።

«ቶዮታ እኮ የ15,000 ዶላር የነዳጅ ካርድ ይሰጣል» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ለአዲስ ገዢ ይሰጥ ነበር። ግን ካርዱ ስንት ማይል ያስኬዳል ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ኪሎ 70 ማይል ቢሄድ፣ ኪሎው 13 ዶላር በነበረበት ጊዜ ካርዱ 80,000 ማይል ያህል ያስነዳ ነበር። በ36 ዶላር 29,000 ማይል ላይ ያልቃል። ቢሮ ሄዶ ለሚመለስ ሰው 29,000 ማይል ከሁለት ዓመት በላይ ነው። በቀን 200 ማይል ለሚነዳ የእኛ ሾፌር አምስት ወርም አይሞላም።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ነገስ ይገኛል ወይ? ሼል በየካቲት 2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበሩትን ሰባት የቤት መኪና የሃይድሮጅን ማደያዎች ዘግቶ ወጣ። እንደ ሼል ያለ ባለ ገንዘብ ኩባንያ ትቶት ሲወጣ ትንሹ ባለማደያ ምን ያስብ? ገዢውም አስቧል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ 2,737 ሚራይ ተሸጦ ነበር፤ በ2024 የተሸጠው 499 ብቻ ነው። ያገለገለው መኪና በርካሽ የሚገኝበት ምክንያት ይኸው ነው። መኪናው ተበላሽቶ አይደለም የረከሰው።

ለሽያጭ ያያችሁትን መኪና እንግዲህ እንዲህ መርምሩት። የነዳጅ መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ እዚያ የተለጠፈ ቀን አለ። የመኪናው የሃይድሮጅን ሰልባትዮዎች ከተሠሩ 15 ዓመት ሲሞላቸው ሃይድሮጅን መሙላት አይፈቀድም፤ ቀኑ የሚነግራችሁ ይህንን ነው። ሻጩ የነዳጅ ካርድ አለው ካላችሁ ካርዱ ወደ እናንተ ስም እንደሚዞር፣ ስንት እንደቀረውና መቼ እንደሚያልቅ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረውን አትመኑ። የማደያዎቹን ሁኔታ የሚያሳይ ካርታ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ወር፣ እናንተ በምትሞሉበት ሰዓት፣ ለቤታችሁ ቅርብ የሆኑትን ሁለት ማደያዎች ተከታተሉ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው የሚሠራ ከሆነ ጥሩ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚጠፉ ከሆነ እናንተም በዚያ ቀን ሥራ አትገቡም። ቤታችሁ ሌላ መኪና ካለና ማደያው ሰፈራችሁ ከሆነ የራሳችሁ ምርጫ ነው። የቤታችሁ ብቸኛ መኪና፣ ያውም የእንጀራችሁ መኪና ከሆነ ግን የእኔ ምክር አትግዙ ነው።

አሁን ብዙ ወደማይነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ እንምጣ። ነዳጁ ከምን ተሠራ? ሃይድሮጅን እንደ ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት እየተቀዳ አይደለም ለገበያ የሚቀርበው፤ ከሌላ ነገር ተለይቶ ነው የሚወጣው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጅን በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ሲወጣ ወደ 10 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ይወጣል። ያ አንድ ኪሎ 70 ማይል ያስኬዳችኋል። ያንኑ 70 ማይል ፕሪየስ ቤንዚን እያቃጠለ ቢሄድ የሚያወጣው 12 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱ 2 ኪሎ ብቻ! ጭሱ ከሰፈራችን ጠፍቷል፤ ከምድር ላይ ግን አልጠፋም።

«ከውሃ በኤሌክትሪክ ይውጣ» የሚል ይኖራል። ይቻላል፣ ንጹሕም ነው። ግን ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስትልኩ የሚሆነውን አስቡ፤ ዶላሩ ወደ ብር ሲለወጥ ይቆረጥበታል፣ ብሩን እንደገና ወደ ዶላር ልመልስ ብትሉ ደግሞ ይቆረጥበታል። እዚህም ኤሌክትሪክን ወደ ሃይድሮጅን እንለውጣለን፣ እንጨምቀዋለን፣ እናቀዘቅዘዋለን፣ እናጓጉዘዋለን፤ በመጨረሻ መኪናው ውስጥ መልሰን ኤሌክትሪክ እናደርገዋለን። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ለመጭመቂያው የሚሄደው ሌላ ነው። 70 ማይል ትሄዱበታላችሁ። ያንኑ 55 ኪሎዋት ሰዓት እንደ ቴስላ ሞዴል 3 ያለ ባለ ባትሪ መኪና ብትሰጡት 200 ማይል አካባቢ ይሄዳል። ይህ ነገ የተሻለ መሐንዲስ መጥቶ የሚያስተካክለው ጉድለት አይደለም። ይሻሻላል፣ ግን ባትሪውን አይደርስበትም፤ በየመለወጫው የሚባክነው ሙቀት የተፈጥሮ ሕግ ነውና።

ስለ ፍንዳታ የምትፈሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እናቶች በተለይ ይህን ጠይቀውኛል። በአጭሩ ልመልስ። የመኪናው ሰልባትዮ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ እጅግ ጠንካራ ዕቃ ነው። ሃይድሮጅን ከአየር በጣም ስለሚቀል ካፈተለከ ገላጣ ቦታ ላይ ወደ ላይ ተኖ ይሄዳል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሽታም መልክም ስለሌለው፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ስለማይታይ ነው። በሰኔ 2019 ኖርዌይ ውስጥ፣ ከኦስሎ አጠገብ ሳንድቪካ በተባለች ከተማ፣ አንድ የሃይድሮጅን ማደያ ፈንድቷል። ምክንያቱ የማከማቻ ታንከሩ መዝጊያ ብሎኖች በደንብ ሳይጠብቁ መቅረታቸው ነበር። በአጠገቡ በሚያልፍ መኪና ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች የፍንዳታው ግፊት ኤርባጉን ከፍቶባቸው ቀላል ጉዳት ደርሶባቸዋል። እኔ እንዳትገዙ የምመክራችሁ ግን በፍርሃት ምክንያት አይደለም። ምክንያቴ ዋጋውና አቅርቦቱ ነው።

ታዲያ ሃይድሮጅን ከንቱ ነው ማለት ነው? በፍጹም። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ወጣቶቻችንን፣ በተለይ ኬሚስትሪና ምህንድስና የምታጠኑትን፣ የሚመለከተው ይህ ነውና። ለአጭር መንገድ ባትሪ በቂ ነው። ለከባድ ጭነት መኪና ገና ክርክር አለ፤ ኦክላንድ ወደብ ላይ 30 የሃዩንዳይ የሃይድሮጅን ከባድ መኪኖች ሥራ ጀምረዋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሃይድሮጅን ከባድ መኪና ይሠራ የነበረው ኒኮላ በየካቲት 2025 መክሰሩን አሳውቋል። ሃይድሮጅንን ምንም ነገር የማይተካው ቦታ ግን አለ፤ ማዳበሪያ። አሞኒያ የሚሠራው ሃይድሮጅንን ከአየር ናይትሮጅን ጋር በማዋሐድ ነው። ዩሪያም ከአሞኒያ ነው የሚመጣው። ገበሬ ዘመድ ያለው ሁሉ ዩሪያ በጊዜው አለመድረሱ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ከውሃ በወጣ ሃይድሮጅን ማዳበሪያ መሥራት አፍሪካ ውስጥ ሕልም ብቻ ሆኖ የቀረ ነገር አይደለም፤ ተሠርቷል። ግብጾች በ1960 አስዋን ላይ በዚያው በዓባያችን ውሃ ኃይል ሃይድሮጅን ከውሃ እየለዩ ማዳበሪያ መሥራት ጀመሩ፤ ኪማ የሚባለው ፋብሪካ ነው። ዚምባብዌም ክዌክዌ ከተማ ላይ በካሪባ ግድብ ኃይል ለአሥርት ዓመታት ይህንኑ ሠርታለች። ሁለቱም ዛሬ በዚያ መንገድ አይሠሩም። አስዋን ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ፤ ክዌክዌ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ አነሰ፣ ተወደደ፣ ሃይድሮጅን ከውሃ መለየቱም ቆመ። እዚያም የሾፌሮቻችን ሦስት ጥያቄዎች ናቸው የወሰኑት፤ ከምን ተሠራ? በስንት ገባ? ነገስ ይገኛል ወይ?

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ታላቁ የህዳሴ ግድባችን በመስከረም 2025 የተመረቀው 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ አዲስ አበባ በባትሪ መኪና መሞላት ጀምራለች። ያ ኃይል ወደ መኪና የሚሄድ ከሆነ በባትሪ መሄዱ ትክክል ነው፤ በሃይድሮጅን ቢሆን ለአንድ መኪና የሚያስፈልገው ኃይል ሦስት እጥፍ ይሆን ነበርና። ገና መብራት ያልገባላቸው ብዙ ሚሊዮን ቤቶች እያሉ ደግሞ ማባከኑ ይከብዳል። ማዳበሪያው ግን ሌላ ስሌት ነው። ጎዴ ላይ ለማቋቋም የታቀደው የማዳበሪያ ፋብሪካ በኦጋዴን ጋዝ የሚሠራ ነው። በክረምት፣ ግድቡ ሞልቶ ኃይል በሚተርፍበት ወቅት፣ ከውሃ የሚወጣ ሃይድሮጅን ዋጋው ከዚያ ጋዝ ጋር ይወዳደራል ወይ? መሣሪያው በዓመት ስንት ወር ቢሠራ ወጪውን ይመልሳል? ኪሎዋት ሰዓቱ በስንት ሳንቲም ቢሸጥ ያዋጣል? አስዋንና ክዌክዌ ለምን ተዉት? ይህን በቁጥር የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ አዳራሽ ልጆች መካከል ቢወጣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ርእሱን ለሚይዝ ሰው ጊዜዬን ሳልሰስት እሰጣለሁ፤ ስሙን ለኮሚቴው ይስጥ።

ሚራይ የያዛችሁ ካላችሁ ጥያቄውን ከእናንተ እንጀምር።